እያነሰ የሄደው ሳጥን

ያን ቀን ሳሎናችን ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። ባለቤቴ ሎምቤ በመስኮቱ ሥር ባለችው ዝቅተኛ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ከሁላችን የተቀመጠ እሱ ብቻ ነው። ከዱራሜ የመጣው የቤዝ ተጫዋች ተመስገን ጊታሩን አንግቶ በምንጣፉ መካከል ቆሟል። አብረውት የመጡት ወንጌላዊ ደስታ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ከቡፌው አጠገብ ነበሩ። ገዢና ሻጭን ያገናኘው የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴው ሁሴን ግማሽ አካሉ ከውጭ፣ ግማሹ ከውስጥ ሆኖ የበሩን መቃን ተደግፏል። እኔ ከጓዳው መግቢያ ላይ መጋረጃውን በአንድ እጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ሳጥኑ ከግድግዳው ተጠግቶ መሬት ላይ ተቀምጧል።

ሳጥን የምለው የቤዝ ጊታር አምፕሊፋየር ነው። ማጉያውና ስፒከሩ አንድ ላይ የተገጠመለት፣ ጥቁር ቆዳ መሳይ የለበሰ፣ ከላይ እጀታ ያለው፣ ሰው እንደ ሻንጣ አንጠልጥሎት ሊሄድ የሚችል ትንሽ ነገር። ሎምቤ በዕድሜው ሲገዛና ሲሸጥ ከኖራቸው ሁሉ የመጨረሻው ይኼ ነበር። ተመስገን ገመዱን ሰክቶ ማብሪያውን ሲጫነው ትንሿ ቀይ መብራት በራች፤ ጥቂት ቆይቶም ያ ሽታ መጣ። ሳይነካ የከረመ መሣሪያ ሲሞቅ ላዩ ላይ የተኛው አቧራ የሚሸተው ሽታ ነው። ቃጠሎ አይደለም፤ በከሰል ካውያ የተተኮሰ ልብስን ይመስላል። ሌሎቹ አላስተዋሉትም። እኔ ግን ለጊዜው ሳሎኔ ውስጥ አልነበርኩም።

በወጣትነቴ ሆሳዕና አሁን የምናያት አልነበረችም። ዛሬ ባጃጅ የሚርመሰመስበት ኮብልስቶን በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጫማ የሚያስቀር ጭቃ ነበር። ጋሪ የሚጎትቱ ፈረሶች ከመናኸሪያው አጥር ሥር ተኮልኩለው ይውላሉ፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም ነው፣ ከነብስኩቱ። አባቴ ከጉራጌ አገር የመጣ ነጋዴ ነበር። ሱቃችን ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ ነበረች፤ ካኪ፣ አቡጀዲ፣ ቴትረን፣ ሳቲን፣ በካርቶን ላይ የተሰፋ አዝራር እንሸጥ ነበር። ዛሬ ሞባይል ቤት ሆኗል፣ ላዩ ላይም ፎቅ ተሠርቶበታል። አባቴ እኔን ትርፌ ያለኝ የተወለድኩ ሰሞን ገበያው ስለቀናው ነው ይባላል። ታናሼን ግን ስንዱ አላት። ጎረቤቶች «የትርፍ ታናሽ ኪሳራ ናት» እያሉ ሲቀልዱባት «ኪሳራ መሆኔንማ ያገባኝ ይወቀው» ብላ ትመልስላቸው ነበር። አፏ አያርፍም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ጽሕፈት መኪና ተማርኩና ቢሮ ገባሁ። እሷ ትምህርቷን ከአሥረኛ ላይ ትታ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ዘፋኝ ሆነች። አባቴ ለረጅም ጊዜ አላናገራትም። ሆኖም ቅዳሜ ማታ ሱቁን ከዘጋ በኋላ ከሆቴሉ አጥር ውጭ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሞ ሲያዳምጣት ያዩት ሰዎች ነበሩ።

በከተማው ሙዚቃ ያለው ሆቴል ያ አንዱ ነበር። ወንዶቹ ጎፈሬያቸውን በእንጨት ማበጠሪያ አቁመው፣ ቤልቦተም ሱሪያቸው መንገድ እየጠረገ፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ ይመጣሉ። ሴቶቹ ታኮ ጫማቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው በሸራ ጫማ ጭቃውን ይሻገሩና ከሆቴሉ በር ላይ ይቀይራሉ። ስንዱ ከሱቃችን ብርቱካናማ ሳቲን ወስዳ ቀሚስ አሰፍታ ነበር። አባቴ ጣቃው ጎድሎ ሲያገኘው «አይጥ ናት» አለ። ስንዱ እንደሆነች ያውቅ ነበር።

ሎምቤ የሞርሲቶ ገበሬ ልጅ ነው። ባንዱ ሲጀመር የሱ ቤዝ የሚገባው ከዘፋኟ ማይክ ጋር በአንድ አሮጌ ማጉያ ነበር፤ ጓደኞቹ «ቤዝህ በድስት የሚንተከተክ ገንፎ ይመስላል» እያሉ ይስቁበታል። ስለዚህ አባቱ ለትዳርህ ብለው የሰጡትን ሁለት ጊደር ሸጦ አዲስ አበባ ሄደና ሊበተን ከነበረ የሆቴል ባንድ ላይ ትልቁን ገዛ። ትልቁ ነበር የምንለው፤ ሌላ ስም አልነበረውም። ከላይ አምፖሎች የሚበሩበት ማጉያ፣ ከሥር ትከሻዬ ድረስ የሚደርስ የስፒከር ሳጥን። ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የመናኸሪያው ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ ተሸካሚ ከሥሩ ገብቶ ክብደቱን ሲቀምሰው «ሬሳ ነው እንዴ?» አለ፤ ተሳቀ።

የሎምቤ አባት ወሬውን ሰምተው በበቅሎ መጡ። ሳጥኑን ዞረው አዩት፤ በበትራቸውም ነካ አደረጉት።

«ሁለቱ ጊደሮች ይኼ ናቸው?»

«አዎ አባባ።»

«ይታለባል?»

ሎምቤ ወፍራሙን ክር አንዴ መታው። ሽማግሌው ደረታቸውን ያዙ፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ተነካኩ። «ይጮኻል እንጂ አይታለብም» አሉና በቅሏቸውን ፈቱ። ከዚያ ወዲያ በከተማው ሰው የማይረባ ነገር ገዝቶ ሲመጣ «ይታለባል?» ማለት ልማድ ሆኖ ቆየ።

ከትልቁ ጋር ከማንም በላይ የተወዳጀችው ስንዱ ነበረች። ያኔ ዘፋኝ የራሱን ድምፅ መልሶ የሚሰማበት ስፒከር ከፊቱ አይደረግለትም። ሕዝቡ ሲጮኽ፣ ሳክስፎኑም ሲጮኽ ድምፅዋ ይጠፋባታል። ስለዚህ የራሷን ዘዴ አበጀች። ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት ወደ ሳጥኑ ትሄድና ጉንጯን ከእንጨቱ ላይ ታሳርፋለች። ሎምቤ የዘፈኑን መነሻ በቀስታ ይመታላታል። እሷ አፏን ዘግታ ያንን ድምፅ ትፈልገዋለች፤ እምምም እያለች ትንሽ ዝቅ ትላለች፣ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ስታገኘው ዓይኗን ትገልጣለች። ያን ጊዜ ሎምቤ ለድራመሩ ራሱን ይነቀንቃል፣ ዘፈኑ ይጀመራል። ከዘፈኑ ይልቅ ያንን ለማየት የሚመጣ ሰው ነበር። «ስንዱ ለሳጥኑ ምስጢር ነገረችው» ይላሉ። አንድ ቀን ምን እንደሚሰማት ጠየቅኋት። «በጆሮ እኮ አይደለም የሚገባው፤ በጥርስ ነው» አለችኝ።

በአንድ የመስቀል ሰሞን ባንዱ ዱራሜ ተጠራ። ያ ሰሞን በሀዲያም በከምባታም ሰው ከያለበት ወደ ቤቱ የሚመለስበት ነው፤ መንገዱ በሰው፣ በበሬ፣ በቅቤ ተሸካሚ ይሞላል። ትልቁ በፒክ አፕ ላይ ተጭኖ በገመድ ታሰረ። ስንዱ ጋቢና መቀመጥ አትወድም። ፀጉሯን በሻሽ ሸብ አድርጋ፣ ጀርባዋን ለሳጥኑ ሰጥታ ከኋላ ተቀመጠች። እኔ ከሱቁ በራፍ ላይ ሆኜ እጄን አነሣሁላት። አንጋጫ ከመድረሳቸው በፊት መንገዱ በዝናብ ተሸርሽሮ ነበር፤ መኪናዋ ተገለበጠች። ከወንዶቹ ክንዱ የተሰበረ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ነበር። ስንዱ ሞተች። ሳጥኑ አልተጫረም። ውስጡ ካሉት የመስተዋት አምፖሎች አንዱ እንኳ አልተሰበረም። ስለዚያ ሰሞን ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ እናቴ የስንዱን ልብስ እንዳመጣ ላከችኝ። ብርቱካናማው ቀሚስ ባንዱ ከሚለማመድበት ከሆቴሉ ጀርባ ካለው ክፍል ቀርቶ ነበር። እኩለ ቀን ነው፣ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ሎምቤ ብቻውን ተቀምጦ ትልቁን እየሞከረው ነበር፤ ዘመዱ ሁሉ ሽጠው ብሎታልና። ስገባ ቀና ብሎ አየኝ፣ አላቋረጠም። ወፍራሙን ክር መታና ተወው። ድምፁ ሄደ፣ ሄደ፣ ቀጠነ፤ ሊጠፋ ሲል ከሥሩ ሌላ ድምፅ ተነሣ። አፍ ተዘግቶ የሚወጣ ድምፅ ነው። ትንሽ ዝቅ አለ። ትንሽ ከፍ አለ። የሚፈልገውን አገኘና እዚያው ቆመ።

ሎምቤ እጁን ክሮቹ ላይ ጥሎ ዝም አሰኛቸው። ፊቴን አየ። እኔ ቀሚሱን ከምስማሩ ላይ አወረድኩ።

«ደህና ዋል» አልኩት።

«ደህና ዋዪ» አለኝ።

በዓመቱ ሽማግሌ ላከ። የመረጠኝ ያንን ድምፅ ከሱ ሌላ የሰማሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ይሁን አይሁን ጠይቄው አላውቅም። እሱም ለምን እሺ እንዳልኩት አልጠየቀኝም። አባቴ የሀዲያ ልጅ፣ ያውም ጊታር መቺ ማግባቴን ሲሰማ «ሳጥኑንም ይዞት ነው የሚመጣው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

ይዞት መጣ። ትልቁ ከአልጋችን ትይዩ ቆመ፤ ቀን የልጆች ልብስ ይታጠፍበታል፣ ማምሻውን ልብሱ ይነሣና ሎምቤ ይጫወታል። ስለሚሰማው ነገር አንነጋገርም። ሰው ቤቱ ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ በስም አይጠራም። ሆኖም አንድ ጊዜ ሁሴንን ጠራው። ሁሴን ያኔ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት በአንድ በር ሱቅ ራዲዮ የሚጠግን ቀጭን ጎረምሳ ነበር። ሎምቤ «ከኋላው ድምፅ አለበት» አለው እንጂ የምን ድምፅ እንደሆነ አልነገረውም። ሁሴን የሳጥኑን ጀርባ ፈታና አንገቱን አስገብቶ አየ።

«መሬት አልነካም» አለ። «ሽቦው መሬት ካልነካ ይነጫነጫል። እንደ ሰው ነው፤ መቀመጫ ያጣ ሰው ዝም አይልም።»

ከቤቱ ጀርባ የብረት ዘንግ ቀበረ፣ ሽቦ አሰረበት፣ የጨው ውኃ አጠጣው። ኤሌክትሪኩ ያመጣው የነበረው እዝዝዝ የሚል ድምፅ ያን ቀን ጠፋ። «በለው!» አለ ሁሴን፣ እጁን እያራገፈ። ሎምቤ አመስግኖ ሸኘው። እዝታው ሸፍኖት የነበረው ሌላው ድምፅ ከዚያ ወዲህ ጥርት ብሎ ይሰማ ጀመር። ድምፁን ከመጀመሯ በፊት የምትስበው ትንፋሽ እንኳ ይሰማ ነበር።

ዘመኑ ተለወጠ። ቤልቦተሙ ጠበበ፣ ጎፈሬው ተቆረጠ፣ ካሴት መጣ፣ ካሴትም ሄደ። ሎምቤ ሆቴሉን ትቶ ወደ ወላጆቹ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰና ከመዘምራን ጋር መጫወት ጀመረ። ትልቁን ለአንድ የሆቴል ባለቤት ሸጠው። ምክንያቱ ጀርባው ነበር፤ ለሁሉም የነገረው ያንን ነው። ሳጥኑ በጋሪ ተጭኖ ሲሄድ ጥጉን እስኪዞር ድረስ ከበራፉ ላይ ቆሜ አየሁት፤ አብራው ሄደች ብዬ ነበር። ሎምቤ ከሁሴን ሱቅ የዚያን ግማሽ የሚያክል፣ አምፖል የሌለው ገዝቶ አመጣ። ሰካው፣ ወፍራሙን ክር መታ። መጣች። ግን አነሰች። ከትልቁ ውስጥ ስትሰማ ከእኛው ጋር ክፍሉ ውስጥ ያለች ያህል ነበረች፤ ከአዲሱ ስትሰማ ጓዳ የገባች መሰለች። ትልቁን የገዙት ሰዎች አንድም ቀን ቅሬታ ይዘው አልመጡም።

ከዓመታት በኋላ ያንንም ሸጦ ሌላ ገዛ፤ አንድ ስፒከር ብቻ ያለው፣ ወንበር የሚያክል። እሷም ከግቢ ሆና የምታንጎራጉር ያህል ራቀች። ሁሴን ሱቁን አስፍቶ ባለ ሁለት በር ሆኖ ነበር፤ «ይኼ ሰውዬ ሌላው ሲያድግ ትልቅ ይገዛል፣ እሱ ሲያድግ ትንሽ ይገዛል» እያለ ይቀልድበት ነበር። ቀጥሎ ይኼኛው መጣ፣ እንደ ሻንጣ የሚንጠለጠለው። ከሱ ስትሰማ ከመንገዱ ማዶ ያለች ነበር የሚመስለው፤ ትንፋሽዋ መሰማቱ ቀርቷል። ያኔ ነው የገባኝ። ጀርባው አልነበረም። ሎምቤ ዕቃውን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያሳንሰው።

ባለፈው ክረምት ሐዋሳ ያለችው ልጃችን ክብሪት የምታህል ነገር ላከችለት። ጊታሩ ላይ ትሰካለች፣ ከሷ የጆሮ ማዳመጫ ይወጣል፤ ሌላ ሳጥን አያስፈልግም። ሎምቤ ሲጫወት ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ጣቱ ክር ሲቧጥጥ ብቻ ነው። አንድ ከሰዓት ማዳመጫውን አውልቆ እኔ ጆሮ ላይ አደረገው፤ ወፍራሙን ክር መታና ተወው። ድምፁ ሄደ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። ከሥሩ ምንም አልተነሣም።

«የለችም» አለ።

ከተጋባን ጀምሮ ስለሷ ስንነጋገር የመጀመሪያችን ነበር።

«የለችም» አልኩ።

«ሳጥኑን ልሸጠው ነው ትርፌ። ቤት ውስጥ አንድም ሳጥን ከሌለ መውጫ የላትም።» ማዳመጫውን በጣቱ እየጠቀለለ ቀጠለ፤ «መነሻውን ታገኘዋለች፤ አግኝታው ትቆማለች። እኔ ዘፈኑን እንድጀምርላት ትጠብቃለች። ከየት አምጥቼ ልጀምርላት? ልረፍ።»

«እሺ» አልኩት።

ሌላ ምን ይባላል? ያንን ድምፅ በሰማ ቁጥር እሱ መኪናዋ ትገለበጥበታለች። እኔ በሰማሁ ቁጥር እህት አለችኝ። አባቴም እናቴም አልፈዋል፣ ሱቁ የለም፤ ያለችኝ አንዲት ፎቶግራፏም በእርጥበት ፊቷ ጠፍቷል። ከዚያ ቤት የቀረልኝ ያ ድምፅ ነበር። ይህን ለሎምቤ አልነገርኩትም። ያረጀ ሰው ልረፍ ሲል ተው አይባልም።

እንግዲህ ያን ቀን ተመስገን ሳጥኑን ለመሞከር የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሒሳቡ በዋዜማው በሁሴን ሱቅ አልቋል። ተመስገን ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ እጁ ፈጣን፣ ሲጫወት ከንፈሩን የሚነክስ ሰው ነው። ጣቶቹ በክሮቹ ላይ ከላይ እስከ ታች ሮጡ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ነው ግን ጉልበት አለው» አለ።

«እንደ ባለቤቱ» አለ ሁሴን ከበሩ።

«የባለቤቱስ አልቋል» አለ ሎምቤ።

«ያለቀው ክርክርህ ነው። ድሮ አንድ ማጉያ ስትገዛ ሁለት ጊዜ ሰግጄ እስክመለስ ትከራከረኝ ነበር፤ አሁን ያልኩህን ይዘህ ዝም።»

ወንጌላዊው ሳቁ። ተመስገንም እየሳቀ ወፍራሙን ክር መታና እጁን አነሣ። ድምፁ ሄደ፣ ቀጠነ። ከሥሩ፣ ከሩቅ፣ ያ ድምፅ ተነሣ። መጋረጃውን ጨበጥ አደረግሁት። ተመስገን ሳቁን አቋርጦ አንገቱን ዘመም አደረገ።

«ከኋላ ሰው አለ እንዴ?»

«የት?» አሉ ወንጌላዊ ደስታ።

«ድምፁ ውስጥ። ሴት የምታንጎራጉር ይመስላል።»

«ኤፍ ኤም ነው» አለ ሁሴን። «ትንንሾቹ ሬዲዮ ይስባሉ።»

«ኤፍ ኤም ቢሆን ያወራ ነበር እኮ።»

«ወሬ ያለቀበት ጣቢያ ይሆናል።»

ሎምቤ ምንጣፉን እያየ ነበር። ወንጌላዊው እሱን ተመለከቱትና ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው «ወንድም ሎምቤ፣ ይኼ ዕቃ ዓለማዊ ቦታ አገልግሏል?» አሉት።

«እሱ አላገለገለም። እኔ አገልግያለሁ።»

«መልካም። እኛ ጋ አንድ ልማድ አለ፤ አትቀየሙን። ያገለገለ ዕቃ ስንገዛ ከሻጩ ቤት ሳይወጣ እንጸልይበታለን፤ ቤተሰቡም አብሮን እጁን ይጭናል። በፊት እንዲህ አናደርግም ነበር። አንድ ጊዜ በውርስ ከተጣሉ ወንድማማቾች ኪቦርድ ገዛን፤ ዓመት ሳይሞላ መዘምራኑ ለሁለት ተከፈሉ። ኪቦርዱ ምን ያውቃል? ግን ከዚያ ወዲህ እንጠነቀቃለን።»

«እኔስ?» አለ ሁሴን።

«አንተም በራስህ ጸልይ።»

«እኔማ ባጃጁ ቶሎ እንዲመጣ እየጸለይኩ ነው» አለ፤ ቆቡን ግን አስተካከለ።

ሎምቤ ወንበሩን ሳብ አድርጎ እጁን ሳጥኑ ላይ ጫነ። ተመስገን ጊታሩን ከግድግዳው አስደግፎ ተንበረከከ። ወንጌላዊው ጎንበስ ካሉ በኋላ ወደኔ ዞሩ።

«እማማ ትርፌ፣ እርስዎም ይምጡ። የቤቱ እመቤት ሳትነካው አንወስድም።»

«እኔ ሙዚቃ አላውቅም» አልኩ።

«እጅ ብቻ ነው እማማ።»

ካልነካሁት እንደማይወስዱት ገባኝ። መጋረጃውን ይዤ ብቀር ሳጥኑ እዚያው ይቀራል፣ እሷም ከመንገዱ ማዶ እንደሆነች ትቆያለች፤ ሎምቤም በዚያው ወንበር ላይ እንደዚያው ይኖራል።

«ነይ» አለኝ ሎምቤ፣ ሳያየኝ።

መጋረጃውን ለቀቅሁ። ሄጄ መዳፌን በሳጥኑ ጎን፣ ከእንጨቱ ላይ አሳረፍኩ። መብራቱ አልጠፋም ነበር። እንጨቱ ሞቋል፤ በእጅ እንደተያዘች ወፍ በስሱ ይንቀጠቀጣል። ወንጌላዊው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጌታ ሆይ፣ በዚህ ዕቃ ውስጥ የሰው ቅሬታ ካለ ይውጣ። የሰው እንባ ካለ ይድረቅ። የሌላ ሰው የሆነ ነገር ቢኖርበት ለባለቤቱ ይመለስ። እኛ የገዛነው እንጨትና ሽቦ ነው፤ የሰው ንብረት ይዘን አንሂድ። አሜን።»

«አሜን» አሉ። እኔ አላልኩም። ቃሉን ልል አፌን ልከፍት ስል እንጨቱ መንቀጥቀጡን አቆመ፤ ቅዝቃዜ ከመዳፌ ተነሥቶ በክንዴ ወጣና ደረቴ ላይ ደረሰ። እጄን አነሣሁና ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

ተመስገን ጊታሩን አንሥቶ ክሩን መታ። ሁላችንም አዳመጥን። ድምፁ ሄደ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ።

«ኤፍ ኤሙ ለቀቀ!» አለ።

«ክብር ለስሙ» አሉ ወንጌላዊው።

«ጸሎትም ለካ መሬት ማስነካት ነው» አለ ሁሴን።

ሎምቤ አልሳቀም። «አንዴ ድገመውና እጅህን አታሳርፍበት» አለው። ተመስገን ደገመው። ሎምቤ ድምፁ ከጠፋ በኋላም ራሱን ዘንበል አድርጎ ብዙ ጠበቀ። ከዚያ ትከሻው ወረደ። ያንን ትከሻ ከተጋባን ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ወደ ላይ የተሰበሰበ ነበር፣ ተፈጥሮው ይመስለኝ ነበር። ያን ያህል ዝቅ ሊል እንደሚችል አላውቅም ነበር። ወንበሩን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ማብሪያውን አጠፉት፤ ቀይዋ መብራት ሞተች። ተመስገን ሶኬቱን ከግድግዳው ነቅሎ ገመዱን በክርኑ ላይ ይጠቀልል ጀመር። ሁሴን ወደ ውጭ ዞሮ ባጃጁን በፉጨት ጠራው። ወንጌላዊው ኮፍያቸውን አደረጉ።

ድምፁ ያን ጊዜ ተነሣ። ከመንገድ ማዶ አልነበረም፤ ከጓዳም፣ ከግቢም አልነበረም። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በትልቁ ዘመን እንደነበረው ሙሉ ነበር። መጀመሪያ ትንፋሹ ተሳበ። ከዚያ ትንሽ ዝቅ አለ፣ ትንሽም ከፍ አለ። የተመስገን እጅ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ወንጌላዊውም ሁሴንም ሳጥኑን አዩ።

«ሶኬቱ ተነቅሏል እኮ» አለ ሁሴን።

ሎምቤ ዓይኑን ገለጠ። ሳጥኑን አላየም። እኔን ነበር የሚያየው። ከንፈሬ ግጥም ብሎ እንደተዘጋ ነው፤ ድምፁ ከአንገቴ በታች ይርገበገባል፣ እኔ አልጀመርኩትም፣ ላቆመውም አልቻልኩም። የሎምቤ ትከሻ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሰበሰብ ጀመር።

ነጠላዬን ከአንዱ ወንበር ላይ አነሣሁና በሁሴን አጠገብ አልፌ፣ ሎምቤ ወደማይሰማበት ወጣሁ።